የመጀመሪያዎቹን በረራዎች የሚዘክሩ ሳንቲሞች

በአሜሪካ ገበያዎች ለዳቦና ለአውቶቡስ ሒሳብ የሚከፈል አንድ ባለ 25 ሳንቲም ገንዘብ አለ። በአንደኛው ገጹ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ይታያል። ገልበጥ ሲያደርጉት ግን ድርብ ክንፍ ያለው፣ ከእንጨትና ከጨርቅ የተሠራ አውሮፕላን ከአሸዋማ ሜዳ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አንድ ሰውም ከጎኑ ቆሞ ሲመለከተው ተቀርጿል። ምስሉ ከቀራጩ ምናብ የፈለቀ አይደለም። እ.አ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1903 ጠዋት በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ፣ ኪል ዴቪል ሂልስ በሚባለው የአሸዋ ኮረብታ ሥር ከተነሣ ፎቶግራፍ የተወሰደ ነው። (በዚህ ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ፎቶግራፉን ያነሣው ጆን ዳንኤልስ የተባለ ሰው ነው። በአካባቢው በሚገኝ የባሕር ነፍስ አድን ጣቢያ የሚያገለግል ሠራተኛ እንጂ ፎቶ አንሺ አልነበረም። ከዚያ ቀን በፊትም ካሜራ ይዞ አያውቅም። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስተካክሎ የተወለት ኦርቪል ራይት ሲሆን፣ የዳንኤልስ ድርሻ አውሮፕላኑ መሬቱን ሲለቅ የጎማዋን መጭመቂያ መጫን ብቻ ነበር። ጫነ፤ ምስሉም ቀረ። በዚያው ዕለት ቀትር ገደማ፣ አራተኛው በረራ ካበቃ በኋላ፣ ኃይለኛ ነፋስ መሬት ላይ የቆመውን አውሮፕላን ሲገለብጠው ዳንኤልስ ሊይዘው ሞክሮ አብሮ ተንከባለለ፤ ቆስሎም ወጣ። ከ98 ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ እርሱ ያነሣው ምስል ከአንድ ቢሊዮን በሚበልጡ ሳንቲሞች ላይ ተቀርጾ ለሕዝብ ተሰራጨ።

የመታሰቢያ ሳንቲም ሲባል አንድ መንግሥት አንድን ሰው ወይም አንድን ክንውን ለመዘከር በሕግ ወስኖ የሚያስቀርጸው ገንዘብ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ከላይ እንደተጠቀሰው በገበያ የሚዘዋወር፣ በማንም ኪስ የሚገባ ነው። ሁለተኛው ከወርቅ ወይም ከብር ተሠርቶ፣ በሣጥን ታሽጎ፣ በላዩ ከተጻፈው እጅግ በሚልቅ ዋጋ ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ ነው። ይህኛውም በሕግ ገንዘብ ነው፤ ሆኖም ዳቦ የሚገዛበት ሰው አይገኝም። የሁለቱም ክብደት ያለው መንግሥት በማኅተሙ ሥር የሰጠው ምስክርነት በመሆኑ ላይ ነው። “መጀመሪያ የበረረው እገሌ ነው፤ የበረረውም እዚህ ነው” ብሎ በብረት ላይ የሚጽፍ መንግሥት የታሪክ ፍርድ መስጠቱ ነው። ስለዚህም በእነዚህ ትንንሽ ገንዘቦች ላይ የሚሰፍሩ ሁለትና ሦስት ቃላት ከባድ ሙግት አስነሥተዋል።

ሁለት ግዛቶች፣ አንድ በረራ

ዊልበርና ኦርቪል ራይት የጳጳስ ልጆች ነበሩ። ኦሃዮ በተባለው ግዛት፣ ዴይተን በምትባል ከተማ ብስክሌት እየሠሩና እየጠገኑ ይሸጡ ነበር። የአውሮፕላናቸው ሞተር 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረው ሲሆን፣ የሠራላቸውም በሱቃቸው ተቀጥሮ የነበረው ባለሙያ ቻርሊ ቴይለር ነው። ኃይሉ ከሞተሩ ወደ ሁለቱ ፕሮፔለሮች የሚተላለፈው በሰንሰለት ነበር፤ የብስክሌት ሠሪነታቸው በዚህ ይታወቃል። ዴይተን ግን የሚፈልጉት ዓይነት ነፋስ አልነበራትም። ስለዚህ የማይቋረጥ ነፋስ፣ ሲወድቁበት የማይጎዳ አሸዋና ከሰው ዓይን የራቀ ስፍራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ሄዱ። በዚያ ታሪካዊ ቀን የመጀመሪያው በረራ 12 ሴኮንድ ቆየ፤ የሸፈነውም ርቀት 36 ሜትር ተኩል ያህል ነው። የነፋሱ ግፊት ከፊት ስለነበር አውሮፕላኑ ከሚሮጥ ሰው እምብዛም አልፈጠነም። በዊልበር የተነዳው አራተኛው በረራ 59 ሴኮንድ ፈጅቶ 260 ሜትር ገደማ ተጓዘ።

እንግዲህ የአቪዬሽን የትውልድ ስፍራ የቱ ነው? ሐሳቡ የተፀነሰበትና መሣሪያው የተሠራበት ከተማ ነውን? ወይስ አውሮፕላኑ መሬት የለቀቀበት አሸዋ? ጥያቄው በሁለቱ ግዛቶች መካከል ለረጅም ዘመን ሲያከራክር ቆይቷል። በ1999 ለእያንዳንዱ ግዛት አንድ የ25 ሳንቲም ገንዘብ የሚቀረጽበት የአሥር ዓመት መርሐ ግብር ሲጀመር ክርክሩ ወደ ሳንቲም ተሻገረ። ሰሜን ካሮላይና በ2001 ተራዋ ሲደርስ የዳንኤልስን ፎቶ መረጠች፤ “የመጀመሪያው በረራ” የሚል ጽሑፍም አከለችበት። ኦሃዮ በቀጣዩ ዓመት ስትመጣ መጀመሪያ ያሰበችው “የአቪዬሽን የትውልድ ስፍራ” የሚል ጽሑፍ ነበር። በስተመጨረሻ በሳንቲሙ ላይ የሰፈረው ግን “የአቪዬሽን ፈር ቀዳጆች የትውልድ ስፍራ” የሚለው ነው። አንዲት ቃል ተጨመረች፤ የይገባኛል ጥያቄውም ከበረራው ወደ በራሪዎቹ ተዛወረ። ኦርቪል በዴይተን መወለዱን የሚክድ ስለሌለ በዚህ ማንም ሊከራከር አይችልም።

ኦሃዮ የመረጠችው አውሮፕላንም የ1903ቱ አይደለም። ወንድማማቾቹ ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ በዴይተን አቅራቢያ በሚገኝ የከብት ግጦሽ ሜዳ ላይ ያሻሻሉት የ1905ቱ ሦስተኛ ሥራቸው ነው። ይህ አውሮፕላን በኦክቶበር 1905 ለ39 ደቂቃ ያህል በአየር ላይ ቆይቶ፣ ሜዳውን ደጋግሞ እየዞረ 39 ኪሎ ሜትር ገደማ በርሯል። የ1903ቱ ከመሬት መነሣት እንደሚቻል አሳየ፤ የ1905ቱ ደግሞ እንደ ፈለጉ መዞርና መመለስ እንደሚቻል አረጋገጠ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ኦሃዮ በጽሑፉ ያጣችውን በምስሉ አካክሳለች። በሳንቲሙ ላይ ከአውሮፕላኑ ጎን የጠፈር ልብስ የለበሰ ሰውም አለ። የኦሃዮ ተወላጆች የሆኑት ጆን ግሌንና ኒል አርምስትሮንግ በወቅቱ በሕይወት ነበሩ፤ ሕጉ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው መልክ በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ እንዳይቀረጽ ይከለክላል። ስለዚህ የጠፈርተኛው ፊት በመሸፈኛ ውስጥ ቀረ።

የመቶኛው ዓመት ሦስት ገንዘቦች

በ2003 በረራው አንድ መቶ ዓመት ሲሞላው የአሜሪካ መንግሥት ሦስት ተጨማሪ ገንዘቦችን ለሰብሳቢዎች አወጣ። እነዚህም ባለ 10 ዶላር ወርቅ፣ ባለ 1 ዶላር ብርና ባለ ግማሽ ዶላር የመዳብና የኒኬል ገንዘቦች ናቸው። በወርቁና በብሩ ላይ የሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ይታያል። በግማሽ ዶላሩ ላይ ያለው ግን በኪል ዴቪል ሂልስ ኮረብታ አናት ላይ በ1932 የተመረቀው፣ 18 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የድንጋይ ሐውልት ነው።

ሐውልቱ ያለምክንያት አልተቀረጸም። ገንዘቦቹ እንዲወጡ የፈቀደው ሕግ በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ደንግጎ ነበር፤ በወርቁ 35 ዶላር፣ በብሩ 10 ዶላር፣ በግማሽ ዶላሩ 1 ዶላር። የክፍያው ዓላማ ሐውልቱን ማደስና የጎብኚዎችን ማዕከል ማስፋፋት ነበር። በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት ለማሠራት የድጋፍ ቲኬት እንደሚሸጠው ማለት ነው፤ ገዢው አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል፣ ከከፈለው የተወሰነው ለሥራው ይውላል።

ሽያጩ ግን የታሰበውን ያህል አልሆነም። ሕጉ እስከ 100 ሺህ ወርቅ፣ እስከ 500 ሺህ ብርና እስከ 750 ሺህ ግማሽ ዶላር እንዲቀረጽ ፈቅዶ ነበር። የተሸጠው ወርቅ ከ32 ሺህ ያነሰ፣ ብሩ ወደ 244 ሺህ፣ ግማሽ ዶላሩም ወደ 167 ሺህ ብቻ ነው። ተጨማሪ ክፍያው በዚህ ሲሰላ ከሦስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ይሆናል፤ ሁሉም ቢሸጡ ኖሮ ግን ከዘጠኝ ሚሊዮን ባለፈ ነበር። የበዓሉ ዕለትም ቢሆን ሰማዩ አልተባበረም። በዲሴምበር 17 ቀን 2003 በዚያው ስፍራ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ሳለ ዝናብ ጣለ፤ የመጀመሪያውን አስመስሎ የተሠራው አውሮፕላንም መነሣት አቅቶት በጭቃ ላይ ቆመ። መቶ ዓመት ያለፈበት የራይት ወንድማማቾች ሥራ ቀላል እንዳልነበር ለመገንዘብ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

አንድ ሳንቲም፣ ሦስት ዋጋ

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ያላቸው አንባቢያን እንዲህ ያለ ገንዘብ በስጦታ ወይም ከሻንጣ ጥግ ሊደርሳቸው ይችላል። ሊያውቁት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር አንድ የመታሰቢያ ሳንቲም ሦስት የተለያዩ ዋጋዎች እንዳሉት ነው፤ በላዩ የተጻፈው፣ የብረቱ ዋጋና ሰብሳቢ የሚከፍለው።

አያቶቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ማርትሬዛን የሚቀበሉት በውስጡ ስላለው ብር ነው፤ ለዚያውም በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠሩና ገንዘቡን እያስጮሁ። ለንጽጽር ያህል፣ ማርትሬዛ 28 ግራም የሚመዝን ሲሆን ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ተኩል ገደማ ነው። የ2003ቱ ባለ 1 ዶላር 26.73 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 90 በመቶው፣ ማለትም 24 ግራም ያህሉ፣ ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ “አንድ ዶላር” የሚለው ጽሑፍ የዚህን ገንዘብ ዋጋ አይናገርም፤ ብሩ ብቻውን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ባለ 10 ዶላሩ ወርቅም 16.718 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 15 ግራም ያህሉ ንጹሕ ወርቅ ነው።

የሰሜን ካሮላይናና የኦሃዮ ሩብ ዶላሮች ግን ሌላ ናቸው። ክብደታቸው 5.67 ግራም፣ ውስጣቸው መዳብ፣ ላያቸው መዳብና ኒኬል ነው፤ አንዳች የከበረ ማዕድን የላቸውም። ከሰሜን ካሮላይናው ከአንድ ቢሊዮን በላይ፣ ከኦሃዮው ከ630 ሚሊዮን በላይ ተቀርጿል። በእጅ ሲዘዋወር የቆየ ከሆነ ዋጋው ያው 25 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። አንዳንድ ነጋዴዎች እነዚህኑ ሳንቲሞች ስስ ወርቅ ቀብተው፣ በሚያምር ሣጥን አስገብተው “የወርቅ መታሰቢያ” እያሉ ይሸጧቸዋል። ቅቡ የመንግሥት ሥራ አይደለም፤ የወርቁ መጠን እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ሰብሳቢም እንደ ተበላሸ ይቆጥረዋል። እንዲህ ያለውን በወርቅ ሒሳብ የገዛ ሰው ገንዘቡ ባክኗል።

ሌላም ምክር አለ። ያረጀ ሳንቲም ሲገኝ በአመድ ወይም በሎሚ ፈትጎ ማጽዳት የተለመደ ነው፤ አስተናጋጁ ንጹሕ ነገር ማቅረብ ይወዳልና። በሳንቲም ዓለም ግን ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። ፍትጊያው በብረቱ ላይ በማጉያ መነጽር የሚታይ ጭረት ይተዋል፤ ሰብሳቢውም ዋጋውን ወዲያው ይቀንሳል። ጠቁሮ የቆየ ብር፣ ሲብለጨልጭ ከተፈተገው ይልቅ ይከበራል። በተለይ ለሰብሳቢ ተብሎ እንደ መስተዋት ተወልውሎ የተቀረጸ ገንዘብ በጣት እንኳ አይነካም፤ ከነማሸጊያው ይቀመጣል።

የሌሎች አገሮች ምስክርነት

በረራን በሳንቲም የዘከረችው አሜሪካ ብቻ አይደለችም፤ ከእርሷ ቀድመው ያደረጉትም አሉ። ግራፍ ዜፔሊን የተባለው ግዙፍ የአየር መርከብ በ1929 በ21 ቀናት ዓለምን ሲዞር፣ ጀርመን በቀጣዩ ዓመት ባለ 3 እና ባለ 5 ማርክ የብር ገንዘብ አወጣች። ምሥራቅ ጀርመን በበኩሏ በ1973 ባለ 5 ማርክ ገንዘቧን ለኦቶ ሊሊየንታል ሰጠች። ሊሊየንታል ሞተር በሌለው ክንፍ ከኮረብታ እየተንደረደረ ወደ ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል የተንሳፈፈ መሐንዲስ ሲሆን፣ በኦገስት 1896 ከወደቀ በኋላ በማግሥቱ ሞተ። የራይት ወንድማማቾች ፍላጎት የተቀሰቀሰው የእርሱን አሟሟት በሰሙ ጊዜ ነው። ከካናዳ ሳንቲሞች መካከል በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1909 በበረዶ በረጋ ሐይቅ ላይ የተነሣችውን “ሲልቨር ዳርት” የሚዘክር አለ። አውስትራሊያ በ1997 ባለ 1 ዶላር ሳንቲሟን ለቻርልስ ኪንግስፎርድ ስሚዝ አዋለች፤ እርሱና ባልደረቦቹ በ1928 የፓሲፊክን ውቅያኖስ ያቋረጡ ናቸው። ፖርቱጋልም በ2022፣ ሁለት መኮንኖቿ ከሊዝበን ተነሥተው በሦስት አውሮፕላኖች እየተቀያየሩ ብራዚል የደረሱበትን የ1922 ጉዞ በባለ 2 ዩሮ ሳንቲም አሰበች።

የብራዚል ጉዳይ ግን ቆም ብሎ ማየትን ይፈልጋል። በዚያች አገር የአቪዬሽን አባት ማን እንደሆነ የተጠየቀ ሕፃን የራይትን ስም አይጠራም፤ መልሱ አልቤርቶ ሳንቶስ ዱሞን ነው። በኦክቶበርና በኖቬምበር 1906 ፓሪስ ውስጥ፣ በሕዝብና በዳኞች ፊት፣ በጎማው ተንደርድሮ ተነሣ፤ በኖቬምበሩ በረራም 220 ሜትር ተጓዘ። ብራዚላውያን የራይት አውሮፕላን በሐዲድ ላይ ተንሸራቶ እንደተነሣና የምስክሩም ቁጥር ጥቂት እንደነበር ያነሣሉ። ሐዲድ መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም ክብደት ጥሎ አውሮፕላኑን የሚያስፈነጥረው መሣሪያ የመጣው በ1904 ነው፤ በ1903 የነበረው የነፋሱና የሞተሩ ኃይል ብቻ ነበር። ያም ሆነ ይህ ብራዚል በረራው መቶ ዓመት ሲሞላው በ2006 የብር ገንዘብ አስቀረጸች። እነሆ ሁለት መንግሥታት በሦስት ዓመት ልዩነት፣ ሁለቱም በማኅተማቸው፣ ሁለት የተለያዩ ጅማሮዎችን መሰከሩ።

የጭሰኛዋ ልጅ

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ አንባቢ የሚቀርበው በ2023 የወጣው የአሜሪካ ሩብ ዶላር ሳይሆን አይቀርም። በላዩ የአብራሪ ቆብና መነጽር ያደረገች ሴት ወደ ሰማይ ቀና ብላ ትታያለች፤ ከበላይዋም አውሮፕላን በደመና ውስጥ ይሄዳል። ቤሲ ኮልማን ትባላለች።

በ1892 ቴክሳስ ውስጥ የተወለደችው ከእኩል አራሽ ቤተሰብ ነው። በሰው መሬት ላይ አርሶ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር መካፈል ምን እንደሆነ የእኛ ገበሬ አያቶች ማስረዳት አያሻቸውም። ጥጥ በሚለቀምበት ወቅት ልጆች ትምህርታቸውን ትተው ማሳ ይወርዱ ነበር፤ ቤሲም እንዲሁ። ካደገች በኋላ ቺካጎ ሄዳ በወንዶች ፀጉር ቤት ጥፍር እያስተካከለች ትኖር ጀመር። በረራ ለመማር ስትጠይቅ ጥቁርም ሴትም በመሆኗ የሚቀበላት የአሜሪካ ትምህርት ቤት አጣች። “ቺካጎ ዲፌንደር” የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ አሳታሚ ሮበርት አቦት ፈረንሳይ ሄደሽ ተማሪ ብሎ መከራት። እርሷም ፈረንሳይኛ ተምራ፣ ገንዘብ አጠራቅማ ባሕር ተሻገረች። በጁን 15 ቀን 1921 የዓለም አቀፉን የአብራሪነት ፈቃድ አገኘች፤ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ቀኑ በሳንቲሙ ላይ በቁጥር ተጽፏል።

ወደ አገሯ ተመልሳ በአየር ትርኢት ታወቀች። ባደገችበት ከተማ ትርኢት ስታዘጋጅ ጥቁሮችና ነጮች በተለያየ በር ይግቡ ቢሏት አሻፈረኝ አለች፤ በር አንድ ካልሆነ አልበርም ብላ አንድ በር አስደረገች። በኤፕሪል 30 ቀን 1926 ፍሎሪዳ ውስጥ ለማግሥቱ ትርኢት ቦታ ስታጠና፣ መሬቱን አጎንብሳ ለማየት ቀበቶዋን ሳታስር ነበረች። ያበር የነበረው መካኒኳ አውሮፕላኑን መቆጣጠር ሲሳነው እርሷ ከላይ ወደቀች። ሁለቱም ሞቱ። በኋላ እንደታየው፣ መፍቻ ከመቆጣጠሪያው ውስጥ ገብቶ ተሰንቅሮ ነበር።

በቺካጎ በእርሷ ፈለግ የተነሡ ጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቁመው በየዓመቱ በመቃብሯ ላይ እየበረሩ አበባ መጣል ያዙ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነበር፤ በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ትንሹን የአገራችንን የአየር ኃይል የመራው ያው ሰው ነው። ከነፃነት በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥኗል። በ1954 በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞቶ በአዲስ አበባ ተቀብሯል።

እርሱ ከመምጣቱ ስድስት ዓመት አስቀድሞ፣ በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ መንግሥት ከፈረንሳይ የገዛው ፖቴዝ 25 የተባለ አውሮፕላን አንድሬ ማዬ በተባለ አብራሪ እየተነዳ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ያን ቀን የዘከረው በሳንቲም ሳይሆን በፖስታ ቴምብር ነው። የንግሥት ዘውዲቱና የንጉሥ ተፈሪ ምስል ያለባቸው፣ ባለፈው ዓመት ታትመው የነበሩ ቴምብሮች ተወስደው በላያቸው የአውሮፕላን ምስልና የአማርኛ ጽሑፍ ታተመባቸው። ቴምብሮቹ ዛሬም ከአገር ውጭ ባሉ የሰብሳቢዎች ጨረታዎች ላይ ይገኛሉ። በቤቱ ጥንታዊ ደብዳቤ ያስቀመጠ ሰው ካለ ፖስታውን ከመጣሉ በፊት ቴምብሩን ልብ ብሎ ይመልከት፤ ከፖስታውም ቀዶ አያውጣው።